ያቺ ባዶ ቅንፍ፦ የፒኤችፒ አሬይ መነሻ ለምን ያስፈልገዋል?

ይህችን መስመር እስቲ እዩልኝ።

$ስሞች[] = 'ሰላም';

ትሠራለች። ከእሷ በላይ ምንም ባይኖር፣ «ስሞች» የሚባል ቫሪያብል (ዳታ የሚይዝ ስም) በኮዱ ውስጥ አንዴም ተነስቶ ባያውቅ፣ ትሠራለች። ፒኤችፒ፣ ድረ ገጽ የሚሠራበት የፕሮግራሚንግ ቋንቋ፣ አይቆጣም። ኤረር የለም፣ ማስጠንቀቂያም የለም። ዝም ብሎ አሬይ (ብዙ ነገር በአንድ ስም የሚይዝ ዝርዝር) ይፈጥርና ቃሏን 0 ቁጥር ላይ ያስቀምጥላችኋል።

ታዲያ ከእሷ በፊት ይህችን መነሻ፣ ባዶ አሬይ የምትሰጠውን መስመር፣ መጻፍ ምን ይፈይዳል?

$ስሞች = [];

ይህን ጥያቄ ከጀማሪም፣ ዓመታት ከሠራ ሰውም ሰምቼዋለሁ። «ማሽኑ ራሱ የሚፈጥረውን እኔ ምን አደከመኝ?» ነው ነገሩ። እኔም ድሮ እንዲህ ነበር የማስበው። ኋላ ግን በራሴ ላይ ደርሶ አየሁት። መስመሯ ለማሽኑ አይደለችም፤ ማሽኑ ያለ እሷም ይሄዳል። መስመሯ የምትናገረው «የዚህ ዝርዝር ዕድሜ ከዚህ ይጀምራል፤ ከዚህ በፊት የነበረ ነገር ካለ አይመለከተንም» ብላ ነው። ይህ ካልተነገረ ዝርዝሩ የት እንደተጀመረ፣ ሲጀምርም ባዶ ይሁን አይሁን የሚያውቅ የለም። የጻፈውም ሰው ከስድስት ወር በኋላ አያውቅም።

በነገራችን ላይ፣ ናሙናዎቹን በራሳችን ፊደል የጻፍኩት ለጌጥ አይደለም። ፒኤችፒ ከ127 በላይ የሆነን ማንኛውንም ባይት በቫሪያብል ስም ውስጥ ስለሚቀበል፣ መስመሮቹ እንዳሉ ቢቀዱ ይሠራሉ። ሥራ ቦታ እንዲህ ጻፉ እያልኩ ግን አይደለም። ኪቦርድ ሲቀያየሩ መዋል ያደክማል፤ ሌላም ጣጣ አለው፣ እመለስበታለሁ።

ዝምታው ከየት መጣ?

ፒኤችፒ በ1995 ራስመስ ለርዶርፍ የለቀቀው፣ ለግል ድረ ገጽ የተሰናዳ ትንሽ የመሣሪያ ስብስብ ነበር። ትልልቅ ሲስተም ይሸከማል ተብሎ የታሰበ አልነበረም። ጠባዩም ከዚያ ወርሶታል፦ ገጹ ከሚሞት ይልቅ ጎዶሎም ቢሆን ይታይ። ያልተፈጠረ ቫሪያብል ተጠራ? ባዶ ነው ብለን እንለፈው። ያልነበረ አሬይ ላይ ተጻፈ? እንፍጠርለት። ፓይተን ላይ በሌለ ዝርዝር ላይ ነገር ልጨምር ብትሉ ፕሮግራሙ እዚያው ቀጥ ይላል። ፒኤችፒ ግን እንግዳ ተቀባይ ነው።

እንግዳ ተቀባይነቱ ባለፉት ዓመታት እየቀነሰ መጥቷል፤ ግን እኩል አልቀነሰም። ልዩነቱ ያለው በማንበብና በመጻፍ መሃል ነው። ያልተፈጠረ ቫሪያብልን ማንበብ ድሮ ተራ ኖቲስ (ቀላል ማሳሰቢያ) ነበር፤ ብዙ ሰርቨር ላይ እሱንም ይደብቁት ነበር። በ2020 መጨረሻ የወጣው የፒኤችፒ ቨርዥን 8.0 ወደ ዋርኒንግ (ማስጠንቀቂያ) ከፍ አደረገው። 9.0 ሲመጣ ደግሞ ፕሮግራሙን የሚያስቆም ኤረር እንዲሆን ተወስኗል። በባዶ ቅንፍ መጻፍ ግን ዛሬም እንደ ጥንቱ ድምፅ የለውም። ያልነበረ ስም ላይ ስትጽፉ ቋንቋው አሁንም «እሺ» ነው የሚላችሁ።

የሚገርመው ደግሞ፣ ያንኑ ሥራ አሬይ ፑሽ በሚባለው ፈንክሽን ብትሠሩት ዝምታ የለም። ያልነበረ ቫሪያብል ስትሰጡት «አሬይ ስጠኝ እንጂ ነል (ምንም ዋጋ የሌለው) አትስጠኝ» ብሎ ይጮሃል፤ ከ8.0 ወዲህ ፕሮግራሙንም ያቆማል። ሥራው አንድ፣ አጻጻፉ ሁለት፣ ጠባዩም ሁለት። የፒኤችፒ ማንዋል ራሱ ባልተፈጠረ ስም ላይ በቅንፍ መጻፍን አይመክርም። ቀጥታ መነሻ መስጠት ይሻላል ይላል። የሚጠቅሰው ምክንያት ደግሞ ቀላል አይደለም፦ ባዶ ነው ያላችሁት ስም ሌላ ነገር ይዞ ሊጠብቃችሁ ይችላል።

ምንም ያልመጣ ቀን

መጀመሪያ ቀላሉን ጉዳት እንየው። ከዳታቤዝ የመጡ ትእዛዞች አሉ። በፎርኢች ሉፕ (ለእያንዳንዱ ነገር በሚደጋገም ኮድ) አንድ በአንድ እያያችሁ፣ ክፍያቸው የዘገየውን ብቻ ትለቅማላችሁ፦

// ሉፑ ውስጥ፣ ክፍያው ዘግይቶ ከሆነ
$የዘገዩ[] = $ትእዛዝ;

ከሉፑ በኋላ ካውንት በሚባለው ፈንክሽን ስንት እንደሆኑ ትቆጥራላችሁ። ጠረጴዛችሁ ላይ ስትሞክሩት ይሠራል፤ የሙከራ ዳታ ያዘጋጃችሁት እናንተ ናችሁ፣ አንድ ሁለት የዘገየ አስገብታችኋል። አንድ ቀን ግን ሁሉም በጊዜው ይከፍላል። ደስ የሚል ቀን ነው። ያቺ መስመር አንዴም ስላልተነካች ቫሪያብሉ አልተፈጠረም። ካውንት የሚቆጥረው የለውም።

እዚህ ላይ የሚሆነው በቨርዥኑ ይለያያል። ከ7.2 በፊት ካውንት ነል ሲሰጡት 0 ብሎ ያልፍ ነበር። በ7.2 ዋርኒንግ ጀመረ። ከ8.0 ወዲህ ታይፕ ኤረር (የዳታ ዓይነት ስህተት) ይወረውርና ገጹ ይቆማል። ለዓመታት የሠራ ኮድ ሰርቨሩ በታደሰ ማግስት የሚወድቀው ብዙ ጊዜ እንዲህ ነው። ሰዉ «ፒኤችፒ 8 ኮዴን ሰበረው» ይላል። እኔ ግን በአዲሱ ቨርዥን አልፈርድም። ኮዱ ድሮም የተሰነጠቀ ነበር፤ አዲሱ ቨርዥን ስንጥቁን አሳየ እንጂ አልፈጠረውም።

ፎርኢች ራሱ ነል ሲሰጡት ፕሮግራሙን አያቆምም፤ ዋርኒንግ አውጥቶ ሉፑን ይዘለዋል። ኢምፕሎድና አሬይ መርጅ የሚባሉት ፈንክሽኖች ግን እንደ ካውንት ናቸው፣ ይወድቃሉ።

ከመውደቅ የከፋም አለ። ዝርዝሩን ወደ ጄሰን (ዳታ መለዋወጫ የጽሑፍ ቅርጽ) ቀይራችሁ ለሞባይል አፕ የምትልኩ ከሆነ፣ መነሻ የተሰጠው አሬይ ባዶ ሲሆን ባዶ ቅንፍ ሆኖ ይሄዳል። መነሻ ያልተሰጠው ደግሞ «ነል» የሚል ቃል ሆኖ ይሄዳል። ለእናንተ ሁለቱም «ምንም የለም» ነው። ለተቀባዩ ግን አንዱ ባዶ ዝርዝር ነው፣ ሌላው ዝርዝር ራሱ አይደለም። አፑን የጻፈው ሰው ዝርዝር ይመጣል ብሎ ስለጻፈ አፑ ስልኩ ላይ ይዘጋል። ሰርቨራችሁ ላይ ያለው ምልክት በትራፊክ ብዛት የምትጠፋ አንዲት ዋርኒንግ ናት። ሁለት ቡድን «የእናንተ ነው፣ የእናንተ ነው» ሲባባል ይውላል።

ትራፊው

ሁለተኛው ጉዳት የዚህ ተገላቢጦሽ ነው። ቫሪያብሉ ባዶ መሆን ሲገባው ሞልቶ ይገኛል። እኔን የነካኝ ይሄኛው ነው።

ለአንድ ድርጅት፣ ለየደንበኛው የወሩን ዕቃ ዝርዝር በኢሜይል የሚልክ ስክሪፕት ጽፌ ነበር። ሉፕ በሉፕ ውስጥ ነው። ውጭኛው ደንበኞችን ያዞራል፤ ውስጠኛው የዚያን ደንበኛ ዕቃዎች ይሰበስባል፤ ከዚያ ኢሜይሉ ይላካል። ሞከርኩት፣ ሠራ። ሌሊት እንዲነሳ አድርጌ ተኛሁ።

ጠዋት ስልኬ አላርፍ አለ። የመጀመሪያው ደንበኛ የራሱን ዝርዝር ብቻ አግኝቷል። ሁለተኛው የራሱንና የመጀመሪያውን። ሦስተኛው የሦስቱንም። የመጨረሻው ደንበኛ የሁሉንም ሰው ዕቃ ደርሶታል። ማን ምን ገዛ የሚለው የሰው ገመና ነው፤ ነገሩ «ይቅርታ፣ ባግ ነበር» ብቻ ተብሎ የሚታለፍ አልነበረም። እኔ ስሞክር ለምን አላየሁትም? የሙከራው ዳታቤዝ ውስጥ የነበረው አንድ ደንበኛ ብቻ ነበር። ለአንድ ደንበኛ ደግሞ ኮዱ ፍጹም ትክክል ነው።

ጥፋቱ ፒኤችፒ ስለ ሉፕ ካለው አስተሳሰብ ይመነጫል። በብዙ ቋንቋ የሉፕ ቅንፍ ውስጥ የተፈጠረ ነገር ቅንፉ ሲዘጋ አብሮ ይሞታል። በፒኤችፒ አይሞትም። የራሱ ግድግዳ ያለው ፈንክሽን ነው፤ ሉፕም ሆነ ኢፍ ግድግዳ የላቸውም። ሉፑ በመጀመሪያው ዙር የፈጠረው አሬይ በሁለተኛው ዙር እዚያው ቁጭ ብሎ ይጠብቃል። ባዶ ቅንፏ ደግሞ አሬይ ከሌለ ትፈጥራለች፣ ካለ ትጨምርበታለች። የትኛውን እንዳደረገች አትነግራችሁም። መድኃኒቱ አንድ መስመር ነበር፦

// ውጭኛው ሉፕ፣ የእያንዳንዱ ደንበኛ ዙር መጀመሪያ
$ዕቃዎች = [];

// ውስጠኛው ሉፕ
$ዕቃዎች[] = $ዕቃ;

ልብ በሉ፣ ወሳኙ መስመሯ መኖሯ ብቻ አይደለም፤ ቦታዋም ነው። ከውጭኛው ሉፕ በላይ ብጽፋት ኖሮ ለዓይን ንጹህ ኮድ ይሆናል፤ ጥፋቱ ግን ሳይነካ ይቀራል። ውስጠኛው ሉፕ ውስጥ ብትገባ ደግሞ በየዕቃው ዝርዝሩን እያጸዳች የመጨረሻዋን ዕቃ ብቻ ትተውላችኋለች። ስለዚህ አሬይ እንግዳ ጠባይ ሲያሳየኝ መጀመሪያ የማየው ይህን ነው። ነገር ተደራርቦ ከመጣ መስመሯ ከሚገባት በላይ ውጭ ናት፣ ወይም የለችም። የመጨረሻው ብቻ ከቀረ መስመሯ ከሚገባት በላይ ወደ ውስጥ ገብታለች። ሰዓታት የሚፈጅ ዲባግ በዚህች እይታ ብቻ ሲያልቅ አይቻለሁ።

ትራፊ በሉፕ ብቻ አይመጣም። ኢንክሉድ የተደረገ (በሌላ ፋይል ውስጥ ተጠርቶ የገባ) ፋይል ከጠራው ፋይል ጋር አንድ ቤት ነው የሚኖረው፤ የዚያ ቫሪያብል ለዚህም ነው። የገጹን ራስጌ የሚሠራው ፋይል «መልእክቶች» የሚል አሬይ ቢጠቀምና እናንተም ከታች በዚያው ስም ብትለቅሙ ተቀላቅለው ይወጣሉ። «ዳታ»፣ «ዝርዝር»፣ «ውጤት» የሚሉ ስሞችን የማይጠቀም ፕሮግራመር ደግሞ የለም።

ከውጭ የሚመጣ ትራፊም ነበር። የድሮ ሰዎች ሬጂስተር ግሎባልስ የሚባለውን ቅንብር አይረሱትም። እሱ ሲበራ በገጹ አድራሻ ላይ የተጻፈ ማንኛውም ስም ቀጥታ ቫሪያብል ይሆናል። ኮዳችሁ «ፈቃዶች» የሚል አሬይ ላይ መነሻ ሳይሰጥ የሚጨምር ከሆነ፣ ጎብኚው አድራሻው ላይ በዚያው ስም «አስተዳዳሪ» ብሎ ጨምሮ ይገባል። እናንተ የምትለቅሙት በእሱ ላይ ነው። ከላይ ባዶ አሬይ መነሻ ሆኖ ቢሰጥ ያመጣው ሁሉ ይጠረግ ነበር። ቅንብሩ በ2002 በወጣው 4.2.0 ሳይነኩት እንዲጠፋ ተደረገ፤ በ2012 በወጣው 5.4 ከነጭራሹ ተነቀለ። በዚያው 5.4 ነው ይቺ አጭሯ የቅንፍ አጻጻፍ የመጣችው፤ ከዚያ በፊት «አሬይ» የሚለውን ቃል ጽፈን ክብ ቅንፍ ነበር የምናስከትለው። ዛሬም ግን ኤክስትራክት የሚባለውን፣ የአሬይ ቁልፎችን ቫሪያብል የሚያደርገውን ፈንክሽን ከተጠቃሚ በመጣ ዳታ ላይ የሚጠራ ኮድ አለ። ያ ማለት የተቀበረውን በእጅ ማውጣት ነው።

መነሻው የተሳሳተ ሲሆን

መነሻ መስጠት ያስፈልጋል ሲባል የተገኘውን መስጠት አይደለም። የቆዩ ኮዶች ውስጥ ይህ ይበዛል፦

$ስሞች = '';
$ስሞች[] = 'ሰላም';

ባዶ ስትሪንግ፣ ማለትም ባዶ ጽሑፍ። ከ7.1 በፊት ፒኤችፒ ባዶዋን ስትሪንግ በዝምታ ወደ አሬይ ይቀይራት ነበር። ከ7.1 ጀምሮ ሁለተኛዋ መስመር ላይ ፕሮግራሙ ይወድቃል። ይሄ ደግ ነው፤ ወዲያው ታዩታላችሁ። መጥፎው ቅንፉ ውስጥ ቁጥር ሲኖር ነው፦

$መልእክት = '';
$መልእክት[3] = 'ሀ';

እዚህ ፒኤችፒ አሬይ መስሎት አይሳሳትም። «የስትሪንጉን አራተኛ ባይት ቀይር» ያላችሁት ይመስለዋል። ስትሪንጉ አጭር ስለሆነ ሦስት ባዶ ቦታ ይሞላና ቀጥሎ አንድ ባይት ያስቀምጣል። አንድ ባይት ብቻ! የእኛ «ሀ» በዩቲኤፍ 8 (ፊደላት በኮምፒውተር በሚቀመጡበት ኢንኮዲንግ) ሦስት ባይት ናት። አንድ ሦስተኛዋ ገብታ ሁለቱ ውጭ ይቀራሉ። ስክሪን ላይ የምታዩት ያቺን ጥቁር የጥያቄ ምልክት ነው። ይህንን ስትሪንግ ወደ ጄሰን ልቀይር ብትሉ ደግሞ ቀያሪው ፈንክሽን ዩቲኤፍ 8 ተበላሽቷል ብሎ ፎልስ («ሐሰት» የሚል ዋጋ) ይመልሳል። ከ8.0 ወዲህ ቢያንስ «የመጀመሪያው ባይት ብቻ ነው የሚገባው» የሚል ዋርኒንግ አለ። ከዚያ በፊት እሱም አልነበረም። አስቡት፤ ሰውየው ፎንት ይቀይራል፣ የዳታቤዙን ኢንኮዲንግ ይመረምራል፣ ጥፋቱ ያለው ግን ሁለት ነጠላ ትእምርተ ጥቅስ ላይ ነው።

ፎልስም የራሱ ታሪክ አለው። ፒዲኦ፣ የፒኤችፒ የዳታቤዝ መገናኛ፣ ከዳታቤዝ አንድ ረድፍ ሲጠየቅ፣ ረድፉ ከሌለ የሚመልሰው ፎልስ ነው። መልሱን «ተጠቃሚ» በሚል ቫሪያብል ይዛችሁ፣ ያንን ሳታዩ ቀጥታ ብትጽፉበትስ?

$ተጠቃሚ['ገባ'] = 1;

ፎልሱ አሬይ ይሆናል። የሌለ ተጠቃሚ አሁን አለ ማለት ነው፤ ስም የለውም፣ መለያ የለውም፣ ግን «ገብቷል»። ከዚህ በኋላ «ተጠቃሚ አለ ወይ?» ብሎ የሚጠይቅ ኢፍ ሁሉ «አዎ» ይባላል። የ2021ዱ 8.1 ይህንን ቅየራ ጊዜው ያለፈበት ብሎ ማስጠንቀቅ ጀመረ። ነልን ግን አሁንም በዝምታ ይቀይረዋል። ቁጥር ወይም ትሩ («እውነት») ሲሆን ከ8.0 ወዲህ ኤረር ነው። እዚህ ቦታ ባዶ ቅንፍ መልስ እንዳልሆነ ልብ በሉ። እዚህ የሚያስፈልገው መጀመሪያ ፎልስ መሆኑን ማየት ነው።

ጥያቄ ምልክቶቹ

ከ7.0 ጀምሮ ሁለት ጥያቄ ምልክት አለን። «ይህ ከሌለ ያንን ውሰድ» ማለት ነው። 7.4 ደግሞ ከእኩል ምልክት ጋር አጣመራት። ሁለቱም ጥሩ ናቸው፤ ግን ሰው መነሻ መስጫ አድርጎ ሲጠቀምባቸው አያለሁ፦

$ዕቃዎች ??= [];

ይህ «ባዶ ጀምር» አይደለም። «ከሌለ ባዶ ጀምር፣ ካለ ግን ያለውን ያዝ» ነው። የእኔ የኢሜይል ስክሪፕት ውስጥ ብትገባ ኖሮ ያው ጥፋት፣ ያው ጠዋት ነበር። ማስጠንቀቂያዎቹን ስለምታጠፋ ሰው የተፈወሰ ይመስለዋል። ሲነበብ ሁለት ጥያቄ ምልክት የሚጨምሩም አሉ፤ ለእኔ ያ ማስታገሻ ነው። ከላይ አንድ ቦታ ላይ መነሻ መስጠት ሲቻል በአሥር ቦታ «ምናልባት ከሌለ» ማለት ለምን? ዳታው ከውጭ የመጣ ከሆነ፣ ቁልፉ ይኑር አይኑር እናንተ የማትወስኑት ከሆነ፣ ያኔ ቦታቸው ነው።

ቁጠራ ላይ ደግሞ ሳይጠቀሙባቸው መዋል ይከብዳል። ፊደላትን እየቆጠራችሁ ነው እንበል፦

$ብዛት = [];
// ሉፑ ውስጥ
$ብዛት[$ፊደል] = ($ብዛት[$ፊደል] ?? 0) + 1;

አሬዩ መነሻ አለው፤ በውስጡ ያለው እያንዳንዱ ቁልፍ ግን የለውም። ቀጥታ ሁለት የመደመር ምልክት ብታስከትሉ መልሱ ትክክል ይመጣል፤ ግን አዲስ ፊደል ባጋጠመ ቁጥር ያልታወቀ ቁልፍ የሚል ዋርኒንግ ይወጣል። ምክንያቱም መደመር መጻፍ ብቻ አይደለም፤ መጀመሪያ የነበረውን ያነባል። ቃላትን በፊደል መመደብ ከሆነ ግን ይህ አያስፈልግም፦

$ምድብ = [];
// ሉፑ ውስጥ
$ምድብ[$ፊደል][] = $ቃል;

እዚህ ንጹህ መጻፍ ነው፤ የውስጡ አሬይ ሲያስፈልግ ራሱ ይፈጠራል። እያንዳንዱ የውስጥ አሬይም መነሻ ይሰጠው የሚሉ ጥብቅ ሰዎች አሉ። እኔ ከእነሱ ጋር አልስማማም። ውጭኛው ከባዶ ከጀመረ ውስጡ ሊይዘው የሚችል ትራፊ የለም። ዝምታው እዚህ ጋ ጠቃሚ ነው፤ ኮዱን ያሳጥራል፣ የሚደብቀውም ነገር የለም።

ክላስ ውስጥ ነገሩ ይቀላል። ፕሮፐርቲው (የክላሱ ቫሪያብል) ሲታወጅ እዚያው ባዶ ቅንፍ መስጠት ነው። ታይፕ (የዳታ ዓይነት) ያልተጻፈለት ፕሮፐርቲ መነሻ ካልተሰጠው ነል ነው። ከ7.4 ወዲህ ታይፕ የተጻፈለት ደግሞ ነል እንኳ አይደለም፤ ሳይሞላ ቢነበብ ኤረር ይወረውራል። የፈንክሽን ፓራሜትርም ባዶ አሬይን መነሻ አድርጎ መያዝ ይችላል። ከፓይተን የመጣችሁ ካላችሁ አትደንግጡ። እዚያ መነሻው ዝርዝር በጥሪዎች መሃል እየተጋራ ያምሳል፤ ፒኤችፒ ውስጥ በየጥሪው አዲስ ነው።

ፀሐይና ጸሀይ

ቅድም እመለስበታለሁ ያልኩት ጣጣ ይሄ ነው።

$ፀሐይ = [];
$ጸሀይ[] = 'ጮራ';

ለእኛ ጆሮ አንድ ቃል ነው። ለፒኤችፒ ሁለት የማይተዋወቁ ቫሪያብሎች ናቸው። የመጀመሪያው ባዶ ሆኖ ይቀራል፤ ሁለተኛው በዝምታ ተፈጥሮ ጮራዋን ይይዛል። በላቲን ፊደል ስትጽፉም ያው ነው፤ የብዙ ቁጥሯን «ኤስ» መርሳት ይበቃል። ዝርዝሩ ባዶ የሆነው ዳታ ስለጠፋ ይመስላችኋል፤ ዳታው ግን አጠገቡ ቁጭ ብሏል።

እውነቱን ለመናገር መነሻ መስመሯ ይህን ስህተት አትከለክልም፤ እዩት፣ ከላይ አለችኮ። ጥቅሟ ሌላ ነው። በኮዳችሁ ውስጥ እያንዳንዱ አሬይ መነሻ የሚሰጠው ከሆነ፣ መነሻ የሌለው ሁሉ ስህተት ነው ማለት ነው። ያኔ ነገሩን በዓይን ሳይሆን በመሣሪያ መያዝ ይቻላል። ፒኤችፒስታን የሚባለው ኮድ መርማሪ ተጨማሪ ጥብቅ ደንቦቹ ሲገጠሙለት፣ ያልነበረ ስም ላይ በቅንፍ የተጻፈን ሁሉ ፕሮግራሙ ሳይነሳ ያሳያችኋል። «ጸሀይ» የሚለው ያለበትን መስመር ቁጥሩን ጠቅሶ። መነሻ መስጠት ልማድ ባልሆነበት ኮድ ላይ ብታስነሱት ግን ጤነኛውንም ሕመምተኛውንም አንድ ላይ ይዘረዝርና ማንም አያነበውም።

ፍጥነቱስ የሚል ሰው አይጠፋም። በዛሬዎቹ ቨርዥኖች ባዶ አሬይ ስትሰጡ ፒኤችፒ አዲስ ሚሞሪ አይቆርስም፤ ተዘጋጅቶ የተቀመጠውን አንድ ባዶ አሬይ ለሁሉም ያጋራል፤ የመጀመሪያው ነገር ሲገባ ነው ለየብቻ የሚሆነው። አይሰማችሁም።

አንድ ነገር ልጨምር። ከዚያ የኢሜይል ጠዋት በኋላ ተናድጄ፣ በዚያ ፕሮጀክት ውስጥ ባዶ ቅንፍ ያለበትን መስመር ሁሉ ፈልጌ ከየሉፑ በላይ መነሻ መጨመር ጀመርኩ። ጎበዝ ነኝ ብዬ። በማግስቱ የወሩ ሪፖርት ግማሹ ጠፍቶ መጣ። ሪፖርቱን የሚሠራው ፋይል ውስጥ መነሻ ያልነበረው በስንፍና አልነበረም፤ ከእሱ በፊት ኢንክሉድ የሚደረግ ሌላ ፋይል በዚያው ስም ግማሹን ሞልቶ ያስረክበው ነበር። ትራፊው ሆን ተብሎ የቀረ ኖሯል። ከላይም ከታችም አንድ ኮሜንት የለም። የእኔ ባዶ ቅንፍ ጠረገችው። መስመሯን አነሳኋትና ወደ ላይኛው ፋይል ወሰድኳት፣ የመጀመሪያው ረድፍ ከሚጨመርበት በላይ። እዚያ ናት እስካሁን።